መብራት በመጣ ቁጥር ሠርግ ቤት የሚሆነው ኮምፒውተሬ

መብራት ሄዶ ሲመጣ ክፍሌ ሠርግ ቤት ይሆናል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ሁሉም በተራ። ቀለሙስ ይሁን፤ ድምፁ ነው የገደለኝ። ግራፊክስ ካርዴን (ምስል የሚሠራውን የኮምፒውተሩን ክፍል) እንዲያቀዘቅዙ ብዬ የገዛኋቸው ሦስት ባለ ቀለም መብራት የኬዝ ፋኖች፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ቀፎ ማናፈሻዎች፣ በሪሞት ነው የሚታዘዙት። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ያዘዝኳቸውን ሁሉ ይረሳሉ። ሲመለስ በሙሉ ፍጥነት ይነሳሉ።

ማታ ማታ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ሬንደር አስኬዳለሁ፤ ኮምፒውተሩ ሥዕሉን አስልቶ ምስል በምስል ያወጣዋል። ስለዚህ መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ ተነስቶ ካቆመበት ምስል እንዲቀጥል አድርጌዋለሁ። እኔ ተኝቻለሁ፣ ሪሞቱ የት እንደገባ እንጃ፣ ፋኖቹ ያጓራሉ። የአራት ኪሎ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ድምፅ አይዝም። አከራዬ አንድ ጠዋት «አንተ ልጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምንድን ነው የምትፈጨው?» አሉኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

ሥራቸውን አልሠሩም አልልም። ካርዴ አርቲኤክስ 3060 ነው፤ ሥራ ሲበዛበት እስከ 170 ዋት ይወስዳል፣ ያ ሁሉ ተመልሶ ሙቀት ሆኖ ኬዙ ውስጥ ይቀራል። የኬዜ ፊት መስታወት ስለሆነ አየር የሚገባው በጎን ባለች ቀጭን ክፍተት ብቻ ነው። ካርዱ ራሱ የተፋውን ሙቅ አየር መልሶ ይስብ ነበር። ሁለቱን ፋን ከፊት አስገቢ፣ አንዱን ከኋላ አስወጪ አደረግኳቸው። 84 ዲግሪ ይደርስ የነበረው ካርድ በዚያው ሥራ 72 ላይ ቆመ። ለአዲስ አበባ ይህ ቀላል አይደለም። እዚህ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ዞሮም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ ብርዳችን ይክሰናል።

ሻጩ «ወንድሜ፣ አሁን ሁሉም የሚወስደው ይሄንን ነው» ብሎኝ ነበር። አሁን ብሄድበት ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ «ዩፒኤስ ግዛ» ነው የሚለው፤ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ ማለቱ ነው። የፋን ጥፋት ለመሸፈን ከፋኑ የሚበልጥ ገንዘብ ላውጣ? አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ።

ነገሩ ያለው ገመዱ ላይ ነው። የኔዎቹ ፋኖች ስድስት ፒን (የመሰኪያ እግር) ያለው የራሳቸው መሰኪያ አላቸው፤ ከራሳቸው ማከፋፈያ በቀር የትም አይገቡም። ማከፋፈያው ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ከሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ኤሌክትሪክ ይወስዳል፣ በቃ። ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ እነዚህ ፋኖች መኖራቸውን እንኳ አያውቅም። ጤነኛው ፋን ባለ አራት ፒን ነው፤ አራተኛዋ ሽቦ ከማዘርቦርዱ የፍጥነት ትእዛዝ ታመጣለች። ሳጥኑ ላይ ስለ ቀለም የተጻፈውን ተዉትና ሽቦውን ቁጠሩ።

የኋላውን አውጥቼ መብራት የሌለው ጥቁር ባለ አራት ፒን ፋን ተክቻለሁ። አቧራ ማጣሪያ ከፊት መለጠፉንም አትርሱ፤ በዚህ ሁሉ ግንባታ መሀል ፋን ማለት አቧራ መሳቢያ ነው።

አንድ ነገር ግን ጠብቁ። ማዘርቦርድ ብዙ ጊዜ ፋን የሚያፈጥነው የፕሮሰሰሩን ሙቀት አይቶ ነው። ሬንደሩ ካርዱ ላይ ሲሆን ፕሮሰሰሩ ቀዝቅዞ ይቀመጣል፣ ፋኑም አብሮት ያንቀላፋል። እኔ ፋን ኮንትሮል የሚባለውን ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም ጭኜ አዲሱ ፋን የካርዱን ሙቀት እንዲከተል አድርጌዋለሁ። ከ60 ዲግሪ በታች መኖሩም አይሰማም፣ ከዚያ በላይ ቀስ እያለ ይጨምራል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ዊንዶውስ እንደተነሳ ያንኑ ይቀጥላል። የፊቶቹ ሁለቱ ደመወዝ እስኪወጣ እያጓሩ ይቆያሉ።