ሠረገላ በንጉሡ ሠ ይጻፍልን፦ የ1986ቱን የምረቃ መጽሔታችንን እንደገና ያሳተምንባት የአዳማ ማተሚያ ቤት

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ በሚታጠፍ የኮብልስቶን መንገድ ላይ፣ አንዲት አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለች። አራት ሰዎች ይሠሩባታል። ዓመቱን ሙሉ የሠርግ መጥሪያና ደረሰኝ ታትማለች፤ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ደግሞ የምረቃ መጽሔት። እኔም በግንቦት የሄድኩት ለምረቃ መጽሔት ነበር። ልዩነቱ የእኔ ተመራቂዎች ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ወይም ሊሞላቸው የተቃረቡ ሰዎች መሆናቸው ነው።

በ1986 ዓ.ም. የላሳል ወንድሞች በሚባል የካቶሊክ መምህራን ማኅበር ከሚመራ የወንዶች ትምህርት ቤት 12ኛ ክፍልን ስንጨርስ 38 ነበርን። መጽሔታችን በአማርኛ ታይፕ ስቴንስል በሚባል የሰም ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ በእጅ በሚዘወር ማባዣ ነው የወጣው። ስቴንስል ፎቶግራፍ አያወጣም። ስለዚህ እያንዳንዳችን 40 ጉርድ ፎቶግራፍ አምጥተን፣ በ40ው ቅጂ ላይ በየገጹ በሙጫ ለጠፍን። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ነፋሱ ወረቀቱን ከጠረጴዛ ላይ እያነሣ ስላስቸገረን መስኮቱን ዘግተን፣ በላብ ተጠምቀን ሠራነው።

ሥራውን የተቆጣጠሩት ከወንድሞቹ አንዱ፣ ብራዘር የምንላቸው፣ ሁለት ደንብ አወጡ። አንደኛ፣ ማንም ስለ ራሱ አይጽፍም፤ ዕጣ አውጥቶ የደረሰውን ጓደኛውን ይጽፋል። ሁለተኛ፣ ማርክና ደረጃ አይነሣም። «ማርኩን ማትሪክ ይነግረናል፤ እናንተ ልጁን ንገሩን» አሉን። መጽሔቱ ሠላሳ ዓመት አልፎትም ሊነበብ የቻለው በእነዚህ ሁለት ደንቦች ምክንያት እንደሆነ አምናለሁ።

ማተሚያ ቤቷን ከመመዘኔ በፊት ምን ይዤላት እንደሄድኩ መንገር አለብኝ፤ ያለዚያ ምስጋናዬም ወቀሳዬም አይገባም።

ገጽ 9 ላይ ሠረገላ ብለን የምንጠራው ልጅ አለ። አባቱ ጋሪ ነጂ ነበሩ። ጠዋት ፈረሱን ውኃ አጠጥቶ፣ የጋሪውን ጎማ ነፍቶ ይመጣና የድርቆሽ ሽታ ይዞ ክፍል ይገባል። ስለ እርሱ የጻፈው ልጅ የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ እንዴት እንዳስረዳን ነው የተረከው። ጋሪው ፈረሱን በእኩል ኃይል ወደ ኋላ የሚጎትተው ከሆነ ሁለቱ እንዴት ይንቀሳቀሳሉ? ይህ ጥያቄ ክፍሉን በሙሉ አስጨንቆት ነበር። ሠረገላ ከሰዓት በኋላ አምስታችንን ወደ አባቱ ጋሪ ወሰደንና «ጋሪውን ተዉት፤ ኮቴውን እዩ» አለን። ፈረሱ መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል፣ መሬቱም ፈረሱን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ሰበቃ ባይኖር ኖሮ እዚያው ይንሸራተት ነበር። ጸሐፊው ገጹን ሲዘጋ እንዲህ ይላል፦ «ፊዚክስን ከእርሱ ተማርኩ፤ አባቱን በአደባባይ አባቴ ብሎ መጥራትንም ከእርሱ አየሁ።» አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ የጻፈው ነው።

ገጽ 14 እና ገጽ 15 ፊት ለፊት የተቀመጡ ናቸው። ዲያቆንና ሐጂ እንላቸው ነበር፤ ዕጣው እርስ በርስ አገናኛቸው። በካቶሊክ ትምህርት ቤት ውስጥ ካቶሊኮቹ ጥቂቶች ነበርን፤ አብዛኛው የኦርቶዶክስ ልጅ ነው፣ ሙስሊሞቹም ብዙ ነበሩ። በዚያ ዓመት የካቲት መጨረሻ ላይ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ለጥቂት ቀናት ተደራርበው ነበር። ዲያቆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሐጂ እስከ ማታ ይጾማሉ፤ በምሳ ሰዓት ሁለቱም ከእኛ ተለይተው የኳስ ሜዳው ጥግ ያለው ግራር ሥር ይቀመጣሉ። ሐጂ ስለ ዲያቆን ሲጽፍ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ዲያቆን ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት ወደ ቤቱ ይዞት እንደሚሄድ አስተውሎ ነበር። ምክንያቱን አልጠየቀውም፤ አወቀው። በዲያቆን ገጽ ላይ ግን ስለ ምሳ ዕቃው አንድም ቃል የለም። የሐጂን የእጅ ጽሑፍ፣ ድምፁንና እግር ኳስ ላይ ያለውን ግትርነት ነው የጻፈው።

አገዳ የምንለው ደግሞ የወንጂ ልጅ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካውን ካቆመ ጀምሮ ቤተሰቡ እዚያው ነው የኖረው። ሰኞ ሰኞ አገዳ በቦርሳው ይዞ ይመጣል፤ በጉልበቱ ሰብሮ ለሁሉም ያድላል።

ከሁሉም በላይ ግን ገጽ 27 ነው፤ ዝምታ የምንለው ልጅ ገጽ። ለአርባ ጉርድ ፎቶግራፍ የሚከፈለውን ገንዘብ ቤተሰቡ አልቻለም፤ እርሱም ለማንም አልተናገረም። ዕጣው የደረሰው ሠረገላ ነበርና ነገሩን ሲያውቅ ለብራዘር አልነገረም፣ ገንዘብም አላሰባሰበም። እርሳስ ቀርጾ ተቀመጠና የዝምታን ፊት በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ በእጁ ሣለው። አርባ ጊዜ። ስለዚህ የአርባዎቹ ቅጂዎች ፊት አንድ አይደለም፤ በእኔ ቅጂ ላይ ሊስቅ ጥቂት የቀረው ይመስላል።

ይህን ይዤ ነው የገባሁት። የገጽ ቅንብር የምትሠራው ወጣት መጽሔቱን ተቀብላ ማገላበጥ ጀመረች። ዋጋ ልትነግረኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ማንበብ ቀጠለች። ደንበኛ ገባ፣ ወጣ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ይህ ሠረገላ የተባለው ሰው አሁን የት ነው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ሥራው እዚህ እንደሚሠራ ወሰንኩ። ከእርሷ በፊት ሦስት ማተሚያ ቤቶች ጠይቄ ነበር፤ ሁሉም ገጹን ቆጥረው ዋጋ ነገሩኝ እንጂ አንዱም አላነበበም።

የእርማት ቅጂው በስድስተኛው ቀን ደረሰ። ፊደሉ ለዓይን የሚመች ነው፤ ጉርድ ፎቶግራፎቹም በጥሩ ጥራት ስካን ተደርገዋል፤ የሙጫው ቢጫ እድፍ ከፊታችን ላይ ጠፍቷል። ሦስት ስህተቶች ግን አገኘሁ፤ ቀላል ስህተቶች አይደሉም።

የመጀመሪያው የፊደል ነው። ጽሑፉን በኮምፒውተር የጻፈው ልጅ ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ ወደ አንድ ወገን አምጥቷቸው ነበር፤ ሠረገላም «ሰረገላ» ሆኖ ቁጭ ብሏል። የድሮው ጸሐፊ በንጉሡ ሠ የጻፈው ያለ ምክንያት አልነበረም። ገጹ ላይ ራሱ «የአባቱ ጋሪ ለእኛ የንጉሥ ሠረገላ ነው፤ ስለዚህ በንጉሡ ሠ ጻፍኩት» ይላል። አንባቢ በእሳቱ ሰ የተጻፈ ስም እያየ ይህን ዓረፍተ ነገር ቢያገኝ ምን ይረዳል? ወጣቷ ሳትከራከር 64ቱንም ገጽ ከዋናው ጋር ቃል በቃል አመሳከረች። ሁለት ቀን ፈጀባት፤ ለዚህም አላስከፈሉኝም።

ሁለተኛው፣ በብራዘር ፎቶግራፍ ሥር «አባ» የሚል ማዕረግ ገብቶ ነበር። ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። የላሳል ወንድሞች ካህናት አይደሉም፤ መሐላ የፈጸሙ መምህራን ናቸው፤ መጠሪያቸውም ወንድም ነው። ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1680 በፈረንሳይ ራንስ ከተማ የመሠረተው ዣን ባቲስት ደ ላሳል ራሱ ካህን ነበር፤ ወንድሞቹ ግን ጊዜያቸውን ሁሉ ለማስተማር እንዲሰጡ ያለ ክህነት እንዲቆዩ አደረገ። ብራዘራችን ይህን ስም ይወዱት ነበርና በሌላ ማዕረግ መታተማቸውን ልፈቅድ አልችልም ነበር። ወዲያው ተስተካከለ።

ሦስተኛው አስደነገጠኝ። ስካኑን ከእድፍ ያጸዳው ፕሮግራም የዝምታን የእርሳስ ሥዕል እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ጥላውን በሙሉ አጥቦታል። የቀረው የአገጭ መስመርና ሁለት ዓይን ብቻ ነበር። ቆሜ ስመለከተው ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። ባለቤቱ ከውስጥ ወጥተው «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ እርስዎ ምን እንዲሆን ይፈልጋሉ?» አሉኝ። ከአርባው ቅጂ ምን ያህል በሕይወት እንዳለ የጠየቀችኝ ግን ወጣቷ ናት። በስልክ አፈላልጌ አራት አገኘሁ፤ አንዱ ከድሬዳዋ በአውቶቡስ መጣ። አራቱንም ሥዕሎች ያለ ምንም ጽዳት፣ ከነወረቀቱ ሻካራነትና ከነጣት አሻራው ስካን አድርጋ ገጽ 27 ላይ ጎን ለጎን አሰለፈቻቸው። አንድ ልጅ፣ በአንድ ጓደኛው እጅ፣ አራት ጊዜ። በዋናው መጽሔት ላይ ያልነበረ ነገር ነው፤ ከዋናውም የተሻለ ሆነ።

ስለ ጥረዛው። መጀመሪያ በትኩስ ሙጫ ብቻ የተጠረዘ ናሙና ሰጡኝ። መኪናዬ ውስጥ ትቼው ከቀትር በኋላ ስመለስ ጀርባው ለስልሶ ገጾቹ መላቀቅ ጀምረዋል። በአዳማ ግንቦት ይህ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ አራቱ ባለ 16 ገጽ ጥራዞች በክር እንዲሰፉ ጠየቅኩ፤ በአንድ ቅጂ 90 ብር ጨመረ። የምታሳትሙ ሁሉ ስፌቱን ከመጀመሪያው ጠይቁ፤ እነርሱ ካልተጠየቁ አያነሡትም፤ ሊያነሡት ይገባ ነበር።

አንድ ቅጂ ከስፌቱ ጋር 640 ብር ደረሰ፤ 45 አሳተምን። አሥራ ሁለት ቀን ተብሎ ሃያ አንድ ቀን ፈጀ። ከዘገየው ዘጠኝ ቀን ውስጥ ግማሹ በእኔ እርማት ምክንያት ነው፤ ቀሪው መብራት ነው። ጽሑፋችሁን ራሳችሁ ጽፋችሁ የምትወስዱ ከሆነ በዩኒኮድ፣ ማለትም በየኮምፒውተሩ በሚነበበው የፊደል ኮድ፣ ይሁን። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የቆየ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ ፋይል ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወደ ላቲን ዝብርቅርቅ ይለወጣል፤ ከፊቴ የነበረች አንዲት መምህርት በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ሙሉ ስትለፋ አይቻለሁ።

ማተሚያ ቤቷ ለዘንድሮ ተመራቂዎች ያዘጋጀችው ዝግጁ ቅንብርም አለ። ጋውን የለበሰ ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ ተማሪው ስለ ራሱ የሚላት አንዲት መስመር። ወጣቷ የመስመሮቹን ዝርዝር አሳየችኝ፤ ከአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ሰባት ልጆች አንድ ዓይነት ጥቅስ መርጠዋል። እነዚህ ሰባት ልጆች በእርግጥ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ አገዳ ያድላል፣ አንዱ ምሳውን ለታናሽ እኅቱ ይዞ ይሄዳል፤ መጽሔታቸው ግን ይህን አያውቅም። የትምህርት ቤት ኃላፊዎችና መምህራን ብትሰሙኝ፣ ዕጣ አውጡና አንዱ ስለ ሌላው ይጻፍ። ወጣቷ ገጹን በዚያ መልክ ልታዘጋጅላችሁ ፈቃደኛ ናት፤ ጠይቄያታለሁ፤ ጽሑፉ ከግማሽ ገጽ ካልበለጠ ዋጋውም አይጨምርም።

ሽፋኑ ላይ «ናዝሬት» የሚለው እንዳለ ቀርቷል። ያን ጊዜ ከተማችን የምትጠራው በዚህ ነበር፤ ወጣቷም እንዲቀየር እፈልግ እንደሆነ ጠይቃ ነው የተወችው።

መጽሔቱን ለመረከብ ዝምታ ራሱ አብሮኝ ሄደ፤ አሁን መተሐራ ነው የሚኖረው። ገጽ 27ን ከፍቶ አራቱን ፊቶች በየተራ በጣቱ ነካቸው። ሦስተኛውን «ይህ ታናሽ ወንድሜ ነው» አለ። ከዚያ ሦስት ቅጂ ገዛ፣ አንዱን ለሠረገላ እርሱ ራሱ እንደሚያደርስ ነገረኝ። የአገዳን አድራሻ እስካሁን አላገኘንም፤ ቅጂው በስሙ ተጠቅልሎ ማተሚያ ቤቷ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ወጣቷ ራሷ ነች «እዚህ ይቆይ፣ ከወንጂ ለሚመጣ ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ» ያለችኝ።