ለረጅም ምልልስ ኤሌክትሪክ ፒካፕ ልትገዙ ነው? በትንሹ ባትሪ ቅናሽ እንዳትሸወዱ

ማታ ነው፣ ብርድ ነው። ዳሽቦርዱ 11 በመቶ ይላል። ቤቴ ለመድረስ 31 ኪሎ ሜትር ይቀረኛል። ማሞቂያውን አጥፍቻለሁ። ካፖርቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ በ80 እየተንፏቀቅኩ ነው። መስታወቱ በትንፋሼ ጭጋግ ሲለብስ በእጅጌዬ እጠርጋለሁ። ከኋላዬ ያለው ሹፌር መብራቱን ያበራል፣ ያጠፋል፤ እውነቱን ነው፣ እኔም ብሆን እናደዳለሁ። ግቢ ስገባ 1 በመቶ ቀርቶኛል።

መኪናው ያኔ ገና አዲስ ነበር። ጠዋት 100 በመቶ ሞልቼው ነው የወጣሁት። ወረቀቱ ላይ 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎለታል። የእኔ የቀን ምልልስ ደግሞ 210 ነው፤ 105 መሄጃ፣ 105 መመለሻ።

ይህን የምጽፈው በየቀኑ ረጅም መንገድ ለሚመላለስ እና ፒካፕ ለሚያስፈልገው ሰው ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ ለምትነዱ ነገሩ ብዙም አይመለከታችሁም።

ስገዛ ሁለት ምርጫ ነበር፤ ባለ 75 ኪሎዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ነው) እና ባለ 105። በዋጋ ልዩነቱ ሰፊ ነበር፣ በትንሹ ላይ ደግሞ ቅናሽ ተጨምሮበታል። ሻጩ ካልኩሌተር እንኳ አላወጣም። «ወንድሜ፣ ከ400 ላይ 210 ስትቀንስ 190 ይተርፍሃል። ለማትጠቀምበት ባትሪ ለምን ትከፍላለህ?» አለኝ። ለሚከፍል ሰው ደስ የሚል ሒሳብ ነው። ትንሽ ስጠራጠር ደግሞ «ካነሰህ በኋላ በትልቁ ይቀየርልሃል» ብሎ ጨመረበት። ፈረምኩ።

ይህን የመጨረሻውን ቃል መጀመሪያ ላንሳው፣ ምክንያቱም ያስፈረመኝ እሱ ነው። በኋላ ስጠይቅ እንዲህ ያለ አገልግሎት የለም። የፒካፕ ባትሪ ለዚያው መኪና ተለክቶ ወለሉ ሥር የሚገጠም ነው፤ ማቀዝቀዣው፣ ሶፍትዌሩ፣ ሞላው ሁሉ ለዚያ መጠን እና ክብደት ተስተካክሏል። በትልቁ ልቀይር ብሎ መነሳት በአብዛኛው ሌላ መኪና የመግዛት ያህል ነው። የገዛችሁት መጠን እንደ ሞተራችሁ የማይቀየር እንደሆነ ቁጠሩት። ሻጭ «በኋላ ይቀየራል» ካላችሁ በውሉ ላይ ይጻፈው። አልጽፍም ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

አሁን ወደ 400ዋ። ቁጥሯ ውሸት አይደለችም። ችግሩ የእናንተ መንገድ አለመሆኗ ነው። የርቀት ቁጥር የሚወጣው በላብራቶሪ ሙከራ ነው፣ ሙከራውም አንድ ዓይነት አይደለም። የቻይናው ሲኤልቲሲ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የአውሮፓው ደብሊውኤልቲፒ 46 ገደማ ነው። የአሜሪካው ኢፒኤ ከሁሉም ጠንከር ያለ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ አንድ መኪና እንደ ሙከራው ዓይነት ሦስት የተለያየ ርቀት ሊኖረው ይችላል። የእኔ 400 በየትኛው ሙከራ እንደወጣች አልጠየቅኩም። ወረቀቱ ላይ ከታች፣ አጉሊ መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል ተጽፎ ነበር። አውራ ጎዳና ላይ በ115 የሚነዳ ሰው በ29 አማካይ ፍጥነት የተለካ ቁጥር ይዞ ቢወጣ ምን እንደሚገጥመው አሁን በደንብ አውቃለሁ።

ፒካፕ ደግሞ በፍጥነት ላይ ከሌላው መኪና ይብሳል። ፊቱ ሰፊ ነው፣ ቁመቱ ረጅም ነው፣ ካሶኒው ክፍት ነው። የአየር ግፊት የሚያድገው በፍጥነታችሁ ካሬ (ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ) ነው። ከ90 ወደ 120 ስታሳድጉ ፍጥነታችሁ በሲሶ ይጨምራል፣ አየሩ የሚገፋችሁ ኃይል ግን በ78 በመቶ ገደማ ያድጋል። እንዲህ ስላችሁ ማመን አይጠበቅባችሁም፤ ፒካፕ ለሙከራ ስትነዱ ወደ አውራ ጎዳና አውጡትና በየቀኑ በምትነዱበት ፍጥነት ለ30 ደቂቃ ነድታችሁ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደበላ ስክሪኑ ላይ እዩ። በሰፈር ውስጥ ዙሪያ ጥምጥም የሚደረግ የሙከራ ጉዞ ምንም አይነግራችሁም።

የእኔን እንካችሁ። 75 የተባለው ባትሪ በትክክል ለመንዳት የሚሰጠው 68 ነው፤ የቀረው ባትሪው ራሱን የሚጠብቅበት መጠባበቂያ ነው። በደህና አየር በ100 ኪሎ ሜትር 28 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በብርድ፣ ማሞቂያ ከፍቼ፣ 34። 210ን በ28 ስታሰሉት 58.8 ይመጣል። 68 ውስጥ ይገባል፤ ግን በየቀኑ 100 በመቶ ሞልቼ ስወጣ ብቻ። አምራቾች እንደ እኔው ላለ፣ ኒኬል ማንጋኒዝ ኮባልት ለተባለ የባትሪ ዓይነት የሚመክሩት ደግሞ ለየዕለቱ 80 በመቶ አካባቢ ላይ ማቆም ነው። የ68 ሰማንያ በመቶ 54.4 ነው። ቤቴ አልደርስም። በ34 ስታሰሉት 71.4 ይሆናል፤ ሙሉ ባትሪ እንኳ አይበቃም። በዚያች ማታ የሆነው ይኸው ነው፤ ከድንገተኛ ብልሽት ጋር ግንኙነት የለውም።

ርቀቱን የባትሪው መጠን ብቻ እንደማይወስነው ደግሞ በፎርድ ኤፍ-150 ላይትኒንግ ማየት ይቻላል። በ2022 ሲወጣ 98 ኪሎዋት ሰዓት ያለው 370 ኪሎ ሜትር፣ 131 ያለው 515 ገደማ ነበር የኢፒኤ ርቀቱ። ያው ባለ 131 ባትሪ ግን በፕላቲነም ሞዴል ላይ ወደ 483 ይወርዳል፤ ክብደት እና ትልልቅ ጎማ ይዞ ይመጣላ። ቆንጆው ጎማ ነጻ አይደለም።

ወደ ዋስትና እንሂድ፤ ሻጩ ደጋግሞ የጠራው እሱን ነበር። «8 ዓመት የባትሪ ዋስትና!» ይላል። ዓረፍተ ነገሩን ጨርሱት፤ ብዙዎቹ አምራቾች «8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ መጀመሪያ የደረሰው» ነው የሚሉት። በቀን 210 የሚነዳ ሰው በዓመት 240 ቀን ቢመላለስ 50,400 ነው። 8 ዓመቱ በ3 ዓመት ከጥቂት ወር አለቀ። ይህ ብቻ አይደለም። ዋስትናው ሥራ ላይ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ከ70 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። የእኔ 68 ወደ 70 በመቶ ቢወርድ 47.6 ይሆናል። በ28 ሳሰላው 170 ኪሎ ሜትር ነው። ማለትም መኪናው ምልልሴን ሙሉ በሙሉ የማይችልበት ደረጃ ላይ ደርሶ፣ በውሉ መሠረት ጤነኛ ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ሳቅሁ፤ ሌላ ምን ይደረጋል።

ባትሪ ደግሞ በየቀኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሠራ ቶሎ ይደክማል። ትልቅ ባትሪ ያንኑ መንገድ የሚጨርሰው በመሐለኛው የሙሌት ክልል ውስጥ ነው፤ ከ80 ጀምሮ 20 አካባቢ ያቆማል። ትንሹ ግን ከ100 እስከ ባዶ። ስለዚህ ለመድከም ቦታ የሌለው ባትሪ ነው ፈጥኖ የሚደክመው። በ100 በመቶ ስትወጡም የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ፍሬን ስትይዙ ወደ ባትሪ የሚመለሰው ኃይል ማደሪያ የለውም።

ቻርጅ ላይም ሌላ ወጥመድ አለ። መኪናው ውስጥ ያለው ቻርጀር ስንት ኪሎዋት ነው? አንዳንድ አምራቾች በትንሹ ባትሪ ላይ ደካማውን ይገጥማሉ። እቤት በ7 ኪሎዋት ስሞላው፣ የሚባክነውን 10 በመቶ ገደማ ጨምሬ፣ ከ15 እስከ 100 ከ9 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ማታ አምሽቼ ከገባሁ ጠዋት ሳይሞላ እወጣለሁ። ያን ጊዜ መንገድ ላይ ፈጣን ቻርጀር መፈለግ ነው። ፈጣኑም ከ80 በመቶ በኋላ ይቀዘቅዛል፣ ዋጋውም ከቤት መብራት ብዙ ጊዜ ይወደዳል። በቅናሹ ያተረፍኩት መሰለኝ እንጂ እዚያ ቆሜ እየመለስኩት ነበር።

ለማነጻጸር ያህል፣ ትቼው የመጣሁት ባለ 105 ለመንዳት የሚሰጠው 98 ነው። ከ80 እስከ 10 በመቶ ያለው ብቻ 68.6 ይሆናል። በ28 ወደ 245 ኪሎ ሜትር። ብርድ ሲመጣ ወደ 90 ከፍ አድርጎ መሙላት ነው፣ አለቀ።

ሁሌም ትልቁን ግዙ ማለቴ ግን አይደለም። ትልቅ ባትሪ ከባድ ነው፣ የምትጭኑትን ክብደት ሊቀንስ ይችላል፣ ጎማም ይበላል። ምልልሳችሁ 80 ኪሎ ሜትር ከሆነ ትንሹ ይበቃችኋል። መሥሪያ ቤት ቻርጅ ማድረግ ከቻላችሁም ሒሳቡ በሙሉ ይለወጣል፤ የመሄጃውን ርቀት እንጂ የደርሶ መልሱን አታሰሉም። ግን «ይቻላል» የተባለው ሶኬት ዛሬ ስንት ሰው እንደሚሰለፍበት ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። የባትሪውን ዓይነትም ጠይቁ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ በየጊዜው 100 መሙላት ብዙም አያስከፋውም፣ ብርድ ግን አይወድም። ጭነት ወይም ተጎታች ካላችሁ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ቁመቱ ረጅም የሆነ ተጎታች ርቀቱን በግማሽ ሊቆርጠው ይችላል።

እኔ ዛሬ ብገዛ የማደርገው ቀላል ነው። የሻጩን ወረቀት ወደ ጎን ትቼ የምልልሴን ኪሎ ሜትር በብርድ ፍጆታ አባዛለሁ። ያ ቁጥር ለመንዳት ከሚሰጠው የባትሪ መጠን ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ፣ ቅናሹ ምንም ያህል ቢሆን ያን ባትሪ አልገዛም።

መኪናውን ለሽያጭ አውጥቼዋለሁ። ደዋዩ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «400 ይሄዳል አይደል?» ነው። እኔም መልሼ «በቀን ስንት ትነዳለህ?» እላለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ 180 አለኝ፤ እንዳይገዛው ነገርኩት፣ ግር ብሎት ዘጋው። ትናንት የደወለችው ሴት 60 አለችኝ። ቅዳሜ መጥታ ታየዋለች።