ሦስት ፍሬት ወደ ኋላ፦ ስምንት ቅዳሜ የሊድ ጊታር ትምህርት

ሪትም ጊታር (ዘፈኑን በኮርድ፣ ማለትም አብረው በሚመቱ ድምፆች፣ ማጀብ) ስጫወት አራት ዓመት ሆኖኛል። ሊድ ላይ፣ ማለትም ዜማውን በሚመራው አጨዋወት፣ ግን የማውቀው አንዲት ሳጥን (የጣት አቀማመጥ ቅርጽ) ነበር፤ ያቺኑ ባለ አምስት ድምፅ ስኬል (የድምፆች ቅደም ተከተል)፣ ማይነር ፔንታቶኒክ፣ አምስተኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለ የብረት መስመር) ላይ። ኮርዱ ኤ ሜጀር ሲሆን ሶሎዬ ይጎመዝዛል። መላ ሲጠፋኝ 4,000 ብር ከፍዬ አንድ የግል አስተማሪ ዘንድ ለስምንት ቅዳሜ ተመዘገብኩ። ስሙን ልተወው፤ የማማው ነገር አለኝ።

ሐሜቱን ቶሎ ልጨርስ። ከስምንቱ አምስቱን ቀን ያረፈደው እሱ ነው። የሚያድለን ወረቀት የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ስለሆነ ነጥቡ የትኛው ክር ላይ እንዳለ አይለይም።

ሁለተኛው ቅዳሜ ግን ብቻውን ገንዘቤን አወጣልኝ። «ቅርጹን አትንካ፣ ሦስት ፍሬት ወደ ኋላ ሂድ» አለኝ። ያችው ሳጥን ሁለተኛው ፍሬት ላይ ኤ ሜጀር ፔንታቶኒክ ሆነች፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ። መጎምዘዙ ቀረ። ማረፊያ ግን አጣሁ። እጄ ለምዶበት ወፍራሙ ክር ላይ በሌባ ጣት ይጨርሳል፤ እዚያ ያለው አሁን ኤፍ ሻርፕ ነው። ዜማው ተንጠልጥሎ ይቀራል። «ቤትህ ትንሿ ጣትህ ጋ ነው» አለና እዚያው ወፍራሙ ክር ላይ፣ ኤ ያለበትን አምስተኛውን ፍሬት አስያዘኝ። ሦስተኛው ክር ላይ ደግሞ ሌባ ጣት ራሷ ኤ ላይ ነች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራዬ ይህ ነበር፤ የትም ዞሬ ከሁለቱ አንዱ ጋ መግባት።

ከዚያ ቤንድ፣ ማለትም ክሩን በጣት ገፍቶ ድምፁን ከፍ ማድረግ፣ መጣ። ሦስተኛው ክር፣ አራተኛው ፍሬት፤ ቢን ገፍቶ ሲ ሻርፕ ማድረስ። ትንሽ ካነሰ ያሳፍራል። ጣቴ ተላጠ።

አንድ ማታ ስለማመድ አከራዬ በር ላይ ቆመው «እንዴ፣ ዛሬስ ትዝታ ጀመርክ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አራተኛና ሰባተኛ ድምፅ የሌሉበት ይህ ስኬል ያው ሜጀር ትዝታ ነው። መምህሩ በስምንት ቅዳሜ አንዴም አላነሳትም! እኔን ያበሸቀኝ ከማርፈዱ ይልቅ ይህ ነው። ልጅ ሆኜ በጆሮዬ የገባውን ቅኝት በፍሬት ቁጥር ሲያስሸመድደኝ ከረመ።

ኮርድ ሲቀየር ምን እንደሚደረግም ዘለለው። ባንዳችን ወደ ዲ ኮርድ ሲሄድ ስኬሉ ውስጥ ዲ የለም። ኤፍ ሻርፕ ወይም ኤ ላይ ማረፍ እንደሚያዋጣ የነገረኝ ቤዝ ተጫዋቻችን ነው፤ ያውም በነፃ።

ኮርድ ችሎ ሊድ ላይ ለተቸከለ ሰው ትምህርቱ ይጠቅማል። ከዜሮ ለሚጀምር ይከብዳል። አንቺሆዬ ቅኝት ልማር ብሎ የሚሄድ ካለ ግን ብሩን ይያዝ።