ለሚለቀቅ ዶሜይን ከመክፈላችሁ በፊት

69 ዶላር ተበላሁ። እናንተም እንዳትበሉ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኔን የጣልኩበት አንድ ዶት ኮም ዶሜይን (የዌብሳይት ስም) ነበር። ገጹ ከተዘጋ ቆይቷል፤ በመጨረሻ የምዝገባ ጊዜውም አለፈ። ይኼኔ አንድ ድርጅት «ባክኦርደር (የቅድሚያ ትዕዛዝ) ክፈል፣ ልክ ሲለቀቅ ቀልበን እንሰጥሃለን» አለኝ። እኔ የዶላር ካርድ የለኝም። አሜሪካ ያለችውን የአክስቴን ልጅ ለምኜ አስከፈልኳት።

ስሙ ጭራሽ አልተለቀቀም። የተመዘገበበት ድርጅት ራሱ በወሩ ጨረታ አውጥቶ ሸጠው። ገንዘቤን ስጠይቅ «አይመለስም፤ ለሌላ ስም ተጠቀምበት» ተባልኩ። ሌላ ስም ምን ያደርግልኛል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶት ኮም ጊዜው ስላለፈ ብቻ አይለቀቅም። መዝጋቢው፣ ማለትም ስሙ የተመዘገበበት ድርጅት፣ እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል። ከተሰረዘም በኋላ የድሮው ባለቤት በ30 ቀን ውስጥ ቅጣት ቢጤ ከፍሎ ማስመለስ ይችላል። ከዚያ ደግሞ «ፔንዲንግ ዲሊት» የሚባል፣ ማንም የማይነካው 5 ቀን አለ። ሽሚያው የሚጀመረው ይህ ሁሉ ሲያልፍ ነው። ደህና ስም ግን መች እዚያ ይደርሳል? መዝጋቢው ገና በ45ቱ ቀን ውስጥ ይቸበችበዋል።

ቢደርስም እኛ በእጃችን አንቀልበውም። የዶት ኮምን መዝገብ የሚይዘው ቬሪሳይን ለእያንዳንዱ መዝጋቢ የሚሰጠው ወደ መዝገቡ መግቢያ መስመር የተወሰነ ነው። ስለዚህ ባክኦርደር የሚቀበሉት ቀላቢዎቹ መስመር ለማብዛት ሲሉ ብቻ በወረቀት ላይ መዝጋቢ ይፈለፍላሉ። ድሮፕካች የሚባለው ቀላቢ በ2016 እ.ኤ.አ. በአንዴ 500 መዝጋቢ ጨምሯል። ለመዝጋቢዎች ፈቃድ የሚሰጠው አይካን ለአንዱ ፈቃድ በዓመት 4,000 ዶላር ያስከፍላል። አባዙት፤ 2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ይኼ በእኔ 69 ዶላር አይሸፈንም። አንድን ስም ሁለት ሰው ካዘዘ ያጫርቷቸዋል፤ ትርፉ ያለው እዚያ ነው። ተጫራቹም ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሌላው ቀላቢ ስናፕኔምስ በ2009 እ.ኤ.አ. አንድ የራሱ ኃላፊ ከ2005 ጀምሮ በሐሰት ስም እየገባ ሲጫረት እንደነበር ይፋ አድርጓል።

ስሙን ሲይዝ ብቻ የሚያስከፍል ድርጅት አለ፤ የግድ ካላችሁ እዚያ እዘዙ። ከዚያ በፊት ግን የስሙን ሁኔታ በሁኢዝ (የዶሜይን መረጃ መፈለጊያ) እዩ። «ፔንዲንግ ዲሊት» ካላለ ገና ነው፤ አስቀድሞ ክፈሉ የሚላችሁን አትስሙ።

የእኔ ስም አሁን «ለሽያጭ» የሚል ገጽ ላይ ተለጥፏል። 2,800 ዶላር ይላል። የአክስቴ ልጅ ትናንት ደውላ ነበር። ዌብሳይቱ ተከፈተ ወይ አለችኝ።