የንክኪ ስክሪን ለፒኤልሲ፦ ከአንድ ኩባንያ ወይስ ከሌላ?

በባሕር ዳር የዱቄት ፋብሪካ፣ የውሃ ማሸጊያ ወይም ከጣና ውሃ የሚስብ ፓምፕ ያላቸው ሰዎች የንክኪ ስክሪን ሊገዙ ሲነሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስፋቱን ነው። 7 ኢንች ይበቃል ወይስ 10? እኔ የማስቀድመው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይህ ስክሪን ማሽኑን ከሚቆጣጠረው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ማለትም ከፒኤልሲው ጋር፣ እንዴት ይግባባል?

አንደኛው ምርጫ ሁለቱንም ከአንድ ኩባንያ መግዛት ነው፤ ለምሳሌ የሲመንስ ኤስ7-1200 ፒኤልሲ ከኬቲፒ700 ቤዚክ ስክሪን ጋር። ሁለቱም ቲአይኤ ፖርታል በሚባለው አንድ ሶፍትዌር ይሠራሉ። በፒኤልሲው ፕሮግራም «የታንከር ከፍታ» ተብሎ የተሰየመውን መረጃ ስክሪኑ በስሙ ይወስደዋል፤ አድራሻ ቆጥሮ የሚያስገባ ሰው አያስፈልግም። ጉዳቱ ሶፍትዌሩ ፈቃድ የሚገዛለት መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ምርጫ እንደ ዌይንቴክ ያለ፣ ከብዙ ኩባንያዎች ፒኤልሲ ጋር የሚሠራ ስክሪን ነው። የዌይንቴክ ማዘጋጃ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። ፋብሪካዎ ውስጥ የተለያየ ኩባንያ ያመረታቸው አሮጌና አዲስ ማሽኖች ካሉ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ችግሩ የሚመጣው በግንኙነቱ ዝርዝር ላይ ነው። ኤስ7-1200ን በቋሚ አድራሻ የሚያነብ ከሆነ በፒኤልሲው በኩል የፑትና የጌት ፈቃድ (ሌላ መሣሪያ መረጃ እንዲጽፍና እንዲያነብ የሚፈቅደው) መከፈት አለበት፤ መረጃው የሚቀመጥበት ዳታ ብሎክም «ኦፕቲማይዝድ» የሚለው ምልክት ሊነሳለት ይገባል። ብዙ ኩባንያዎች በሚጋሩት የመግባቢያ ደንብ፣ በሞድባስ፣ ከሆነ ደግሞ በመመሪያው 40001 ተብሎ የተጻፈው ሪጅስተር (የቁጥር ማስቀመጫ) በመስመሩ ላይ ሲላክ አድራሻው 0 ነው፤ አንዱን ከሌላው ያምታታ ሰው የጎረቤቱን ቁጥር ያነባል። አሥርዮሽ ያለው 32 ቢት ቁጥር ሁለት ሪጅስተር ስለሚይዝ የትኛው ይቅደም በሚለው ኩባንያዎች ይለያያሉ። በአንድ የመስኖ ፓምፕ ቤት ውስጥ የግፊት መለኪያው የማይታመን ቁጥር ሲያሳይ ግማሽ ቀን ሴንሰሩን ስፈትሽ ቆይቻለሁ፤ ጥፋቱ የሁለቱ ሪጅስተሮች ቅደም ተከተል ነበር።

ርቀቱም ይወስናል። ፓምፑ በሐይቁ ዳር፣ ኦፕሬተሩ ዳገቱ ላይ ከሆነ ተራ የኤተርኔት ኬብል ከ100 ሜትር በላይ አያስኬድም። አርኤስ-485 የሚባለው የሽቦ ግንኙነት በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር ይደርሳል። እኔ ግን ለረጅም መስመር ፋይበር እመርጣለሁ፤ የክረምቱ መብረቅ በመዳብ ኬብል ገብቶ ስክሪኑንም ፒኤልሲውንም ሊያቃጥል ይችላል፣ ፋይበር ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

ማሽኑ አንድ፣ ፒኤልሲውም አዲስ ከሆነ ያለማመንታት የአንድ ኩባንያ ይግዙ። ስካዳ፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ማሽኖችን የሚከታተልና የሚመዘግብ ሶፍትዌር፣ የሚያዋጣው የብዙ ማሽኖችን የወራት መዝገብ ለሚፈልግ ብቻ ነው።

የሚነካው ሰው እንዳይረሳ። ጓንት ለሚያደርግ ሠራተኛ ግፊት የሚሰማው ሬዚስቲቭ ስክሪን ይሻላል። የማንቂያ መልእክት በአማርኛ ሲወጣ ሻጩ ፊትዎ ላይ ያሳይዎት፤ ቋሚ ጽሑፍን በሥዕል መልክ ማስገባት ይቻላል፣ ማንቂያ ግን ፊደሉን የሚያውቅ ስክሪን ይፈልጋል። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ቀይ ቁልፍ ደግሞ በምንም ምክንያት ስክሪኑ ላይ አይሁን፤ በራሱ ሽቦ የተያያዘ እውነተኛ ቁልፍ ይሁን።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት የስክሪኑንና የፒኤልሲውን የፕሮጀክት ፋይል ከነይለፍ ቃሉ በፍላሽ ይቀበሉ። ስክሪን ላይ የተጫነ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ሊስተካከል በሚችል መልኩ ተመልሶ አይወጣም፤ ፋይሉ ከሌለ አንዲት ቁልፍ ለመጨመር ሁሉንም ከመጀመሪያ ማሠራት ይመጣል።