መርፌ ሳይነኩ ክፍላችንን ያሳመሩልን ልብስ ሰፊ

ኬጂ የምታስተምሩ፣ ትምህርት ቤት የምታስተዳድሩ፣ ቤታችሁ ውስጥ ለልጆቻችሁ የንባብ ጥግ ለማዘጋጀት የምታስቡ ወላጆች፣ ይሄን ለእናንተ ነው የምጽፈው። ማመስገን የምፈልጋቸው ሰው አሉ። ለእናንተም እጠቁማቸዋለሁ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ኮንቴይነር ውስጥ የሚሰፉ እናት ናቸው።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አላወጣም። "ስሜን ለጥፈሽ ሰው እንዳታጎርፊብኝ፣ የያዝኩትም አልጨረስኩ" ብለውኛል። እኛ እትዬ ነው የምንላቸው፣ እዚህም እትዬ ልበላቸው። ዋና ሥራቸው የሀበሻ ቀሚስ ነው። ክረምት ሲያልቅ ደግሞ የዩኒፎርም ሰሞን ይመጣና ከወይን ጠጅና ከሰማያዊ ቴትሮን ጋር ሲታገሉ ይከርማሉ።

ትምህርት ሲጀመር ክፍል ማስጌጥ የመምህሯ ዕዳ መሆኑን የሙያ ጓደኞቼ ታውቃላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ወጪውም ከኪሳችን ነው። ባለቀለም ወረቀት፣ ፎም፣ ፊኛ እንገዛለን። መስከረም ላይ ግድግዳው ገና እርጥበቱ አልወጣለትም፣ ፕላስተሩ ይለቃል፣ ወረቀቱ ይጠቀለላል። ኅዳር ሳይገባ ቀለሙም ፀሐይ በልቶት ይገረጣል። ዘንድሮ ለምን በጨርቅ አንሠራም ተባባልን። ችግሩ ከመካከላችን መስፋት የሚችል ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠሉ የጨርቅ ባንዲራዎች በስንት እንደሚሰፉልን ልጠይቅ ወደ እትዬ ሄድኩ።

ሥዕሉን ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩት። "ይሄ ደግሞ ምኑ ይሰፋል? ገንዘብ ተርፎሽ ነው?" አሉኝ።

እንግዲህ አስቡት፣ እንጀራቸው መስፋት ነው። "እሺ፣ በሜትር ይሄን ያህል" ብለው ቀብድ ቢቀበሉኝ ማን ይከለክላቸዋል? እሳቸው ግን ከማሽኑ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ የታጨቀበት ማዳበሪያ ጎትተው አወጡና ከፊቴ ዘረገፉት።

መጀመሪያ ያነሱት ቢጫ ፖፕሊን ነበር። ጠርዙን በመቀስ ጥፍር የምታህል ቀደዱት። ከዚያ ግራና ቀኙን ይዘው ሳብ ሲያደርጉት ጠረረረ ብሎ እስከ ታች ተተረተረ። የተቀደደው ቁራጭ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። "ጨርቅ መንገድ አለው ልጄ፣ በመንገዱ ከሄድሽለት መቀስም አያስፈልግሽ" አሉኝ። ድሩን ወይም ማጉን ተከትሎ የሚቀደድ ጨርቅ ሁሌም ቀጥ ይላል። ቀጥለው የቲሸርት ቁራጭ ሰጥተው ቅደጂ አሉኝ። ተለጠጠ እንጂ አልቀደድ አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቲሸርት ጨርቅ ድርና ማግ ሆኖ የተሸመነ ሳይሆን እንደ ሹራብ ክሩ እርስ በርሱ እየተቆላለፈ የተሠራ ነው። ስለዚህ በእጅ አይቀደድም። በመቀስ ከተቆረጠ ግን ጠርዙ አይተረተርም፣ ሳብ ሲደረግም ዳር ዳሩ ወደ ውስጥ ጥቅልል ይላል።

ያለ ስፌት ለመሥራት ዋናው ጣጣ መተርተር ነው። ልብስ ሰፊ ጠርዙን አጥፎ ይሰፋና ይገላገላል። እኛ ያ ስለማይሆንልን፣ የትኛው ጨርቅ ይተረተራል፣ የትኛው አይተረተርም፣ የሚተረተረውስ በምን ይያዛል የሚለውን ማወቅ ግድ ይለናል። እትዬ ያስተማሩኝ ይሄንን ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ያየኋቸው ቪዲዮዎች ደግሞ አንዳቸውም አልነገሩኝም።

ጥጥ ይሁን ሰው ሠራሽ ያልታወቀ ጨርቅ ሲያጋጥማቸው አንድ ክር መዝዘው ክብሪት ይጭሩበታል። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ሆኖ ይረግፋል። ፖሊስተር ከሆነ ግን ቀልጦ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ፖሊስተር መሆኑ ከታወቀ መፍትሔው እዚያው አለ፤ ጠርዙን ሻማ አጠገብ ቶሎ ቶሎ ማሳለፍ ነው፣ ቀልጦ ይዘጋል። ይሄን ግን አዋቂ ሰው ብቻ፣ ልጆች በሌሉበት፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ውሃ አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። ጥጥን እንዲህ አታድርጉት፣ ይነድባችኋል። ጥጥ በዚግዛግ መቀስ ወይም በሰያፍ ቢቆረጥ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ሠራነው ልግባ።

የመጀመሪያው የቋጠሮ ጌጥ ነው። ሲባጎ ትወጥራላችሁ። የእትዬ ልኬት ሁለት ጣት ወርድ፣ አንድ ስንዝር ርዝመት ነው። ቁራጩን ለሁለት አጥፋችሁ የታጠፈውን ጫፍ በሲባጎው ላይ ታሳልፉና ሁለቱን ጭራዎች በቀለበቱ ውስጥ አስገብታችሁ ሳብ። በቃ፣ አለቀ። ጥቅጥቅ ብሎ እንዲያምር ከፈለጋችሁ ለአንድ ሜትር ሲባጎ 50 ያህል ቁራጭ አዘጋጁ። ይሄን ከኬጂ ሦስት ልጆች ጋር ነው የሠራነው። ሲባጎውን በሁለት ወንበሮች መካከል ወጠርኩላቸው። ሁለት ቀይ፣ አንድ ቢጫ፣ ሁለት ቀይ፣ አንድ ቢጫ እያሉ ሲቀጥሉ የሒሳብ ትምህርት ሆኖ አረፈው። "ሚስ፣ እሱ ሦስት ቀይ አደረገ!" የሚል ክስ ሲመጣ ደስ አለኝ። እርሳስ ሲይዙ የሚደክሙ ጣቶች ቋጠሮ ላይ ሲሠሩ ይጠነክራሉ፣ ይሄንንም አትናቁት።

ሁለተኛው የፊደል ገበታው ነው፤ እኔ በጣም የምኮራበት እሱ ነው። ፊደል ከጨርቅ ስትቆርጡ ጨርቁ ይሸሻል። የ"ሐ"ን እግሮች ቀጥ አድርጎ ማውጣት አይታሰብም። እትዬ ነጭ ኮላ፣ ያው አናጢዎች የሚጠቀሙበትን፣ በቆርቆሮ አምጥተው ሁለት እጅ ኮላ ለአንድ እጅ ውሃ ቀላቀሉ። ላስቲክ ዘርግተው ጨርቁን አነጠፉበትና በብሩሽ ከላይም ከሥርም ቀቡት። መጨማደዱን በመዳፋቸው እየጠረጉ አስተካክለው ፀሐይ ላይ አወጡት። ሲደርቅ ከላስቲኩ ተላጦ ይነሳል፣ እንደ ካርቶን ይደርቃል። ያኔ በተራ መቀስ የፈለጋችሁትን ቁረጡ፣ አንድም ክር አይወጣም። ፊደሉን ስትሥሉ በጨርቁ ጀርባ በኩል ገልብጣችሁ ሣሉት፣ የእርሳሱ መስመር ከፊት እንዳይታይ።

ቀለሙን እንዲህ ከፈልነው። ግዕዙ በሙሉ ቀይ፣ ካዕቡ ሰማያዊ፣ ሣልሱ ቢጫ እያለ እስከ ሳብዕ ሰባት ቀለም። ሁ፣ ሉ፣ ሙ አንድ ቀለም ስለሆኑ ልጁ ቅርጹንም ድምፁንም በዓይኑ ያያይዛል። 33ቱን በሰባት ስታባዙት 231 ፊደል ነው። ብቻችንን አልቻልንም፣ ቅዳሜ ወላጆች መጥተው አግዘውናል። ፊደሎቹን ግድግዳ ላይ አልለጠፍናቸውም። ሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ነው የያዝናቸው። ልጆቹ አውርደው ስማቸውን ይሠሩባቸዋል፣ ሲጨርሱ መልሰው ይሰቅላሉ። መልሰው ይሰቅላሉ ስል፣ አንዳንዴ።

አደይ አበባውን ቶሎ ልለፈው፣ ቀላል ነው። ከአሮጌ ቢጫ ቲሸርት አራት ጣት ወርድ ያለው ክንድ የሚያህል ቁራጭ ይወጣል። በአንዱ ጠርዝ በኩል እየተሸረከተ ይኬዳል፣ ከታች አንድ ጣት ይተውለታል። ከዚያ ተጠቅልሎ ሥሩ በክር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። መስከረም ላይ ከሜዳው አበባ ጋር እኩል ይደርሳል፣ ግን ይሄኛው አይጠወልግም።

ሌላው የጥለት ቁራጭ ነው። ከቀሚስ የሚተርፉ ጥለቶች ተሰብስበው የማስታወቂያ ሰሌዳችን ዙሪያ ላይ ገቡ። እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለዚያ ነው። ጥለት ክፉኛ ይተረተራል፣ ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች ኮላ ውስጥ ነክሮ ማድረቅ ያስፈልጋል።

እትዬ አንድ ቀን ክፍላችንን ለማየት መጡ። እኛ ደስ ብሎን የተረፈውን ሁሉ ለመስቀል እየተራወጥን ነበር። ቆመው ዞር ዞር ብለው አዩና "ልጆቹ እናንተን ይዩ ወይስ ጨርቁን?" አሉ። ሳቅን። ግን ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 24 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን አንዴ በጌጥ በተሞላ ክፍል፣ አንዴ ባዶ ግድግዳ ባለው ክፍል አስተምረው ነበር። ባዶው ክፍል ውስጥ ልጆቹ ከጥያቄዎቹ 55 በመቶውን ሲመልሱ ያጌጠው ውስጥ 42 በመቶ ነው የመለሱት። ሐሳባቸውም የበለጠ ተበትኗል። እኔ ከዚህ ተነሥቼ ግድግዳ ባዶ ይሁን አልልም፣ ባዶ ክፍል ለአራት ዓመት ልጅ ይጨንቃል። ሰሌዳው ያለበትን የፊት ግድግዳ ግን ንጹሕ አድርገን ጌጡን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ወሰድነው። የተረፈው ማዳበሪያ ውስጥ ገብቶ ለሁለተኛው መንፈቅ ተቀምጧል።

ስለ ደህንነት ጥቂት። ሲባጎ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ይታሰር፣ ረዥም ጭራ አይንጠልጠል። የፊደሎቹን ሲባጎ ዝቅ ያደረግነው እኛ ባለንበት ሰዓት ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ልጆች ባሉበት ክፍል ቁልፍና ዶቃ አትጨምሩ፣ አፋቸው ውስጥ ይገባል። ጨርቅ ከአምፖልና ከሶኬት ይራቅ። ትኩስ ማጣበቂያ የሚያወጣውን ግሉ ገን ልጆች ፊት አትሰኩት፤ እንደውም እኛ ጭራሽ አላስፈለገንም።

ከሚታሰርና ከሚለጠፍ የቱ ይሻላል ካላችሁኝ፣ የሚታሰረው። የአዲስ አበባን አቧራ ታውቁታላችሁ። የቋጠሮ ጌጥ ወርዶ በኦሞ ታጥቦ ተመልሶ ይሰቀላል፣ ቀዩን ብቻ ለብቻው እጠቡት፣ ይለቃል። በነጭ ኮላ የደረቀው ፊደል ግን ውሃ ከነካው ይለሰልሳል። እሱን በደረቅ ጨርቅ ማራገፍ ነው።

እንግዲህ ጥቆማው። እትዬ ቁርጥራጩን በማዳበሪያ ይሸጣሉ። አንድ ማዳበሪያ የሚያስከፍሉት እኔ አምና ለወረቀትና ለፎም ካወጣሁት በብዙ ያንሳል፣ ቀለም ስትመርጡም አይቆጡም። ከዚያ በላይ ሰብሰብ ብላችሁ ከሄዳችሁ ቁጭ አድርገው ያሳዩአችኋል። እኛን ሲያስተምሩን ለትምህርቱ ሒሳብ አልጠየቁም። እኔ ግን አልተውኩትም፣ እናንተም አትተዉት። የእሳቸው ጊዜ ገንዘብ ነው፣ ማሽኑ ቆሞ ነው የሚያስረዱት። በነጻ አስተማሩኝ ብዬ ስለጻፍኩ "እኛንም በነጻ" እንዳትሏቸው፣ እቀየማችኋለሁ።

እንከን የለሽ ናቸው አልልም። "ነገ ነይ" ካሉ ከነገ ወዲያ ሂዱ። ስልክ አያነሱም፣ የማሽኑ ድምፅ አያሰማቸውም። የተሰፋ ነገር ካዘዛችሁ ቀጠሮውን ቀደም አድርጋችሁ ያዙ። ከእንቁጣጣሽ፣ ከመስቀልና ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት ደግሞ ደጃፋቸው አትድረሱ፣ ቀሚስ የሚጠብቅ ሰው ተሰልፎ ነው የሚቆየው። ጥሩው ጊዜ ጥቅምትና የካቲት ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ያኔ ጨዋታም አላቸው።

እትዬ፣ ልጅዎ ይሄን እንደሚያነብልዎት ቃል ገብቶልኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ልጆቹ ክፍል የመጡትን ሴትዮ "የጨርቋ እማማ" እያሉ ይጠይቁኛል፣ ቡና አፍልተን እንጠብቅዎታለን።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ የራሳችሁን ማዳበሪያ ያዙ፣ ቴሌብር ይቀበላሉ።