ቀንድ፣ ቀለህ፣ ቡና ወይስ ከመነዳሪ? ጅማ ላይ ጌጥ ለምትገዙ

ምርቃት ሲደርስ ጥያቄው አይቀርም። "ወርቅ አልችልም፣ የቻይና አርቴፊሻል ደሞ ሰልችቶኛል፣ ምን ልግዛላት?" ወርቅማ እንኳን ለስጦታ ለጥሎሽም ከብዷል፣ ስለዚ ከቀንድ፣ ከጥይት ቀለህ፣ ከቡና ፍሬ፣ ከመኪና ከመነዳሪ ምናምን የሚሰሩ ዲዛይነሮች ስራ ጥሩ አማራጭ ነው። ችግሩ ቴሌግራም ላይ የሁሉም ፎቶ ያምራል፣ ሁሉም ሃንድሜድ ነው፣ ዋጋ ደሞ በኢንቦክስ። ስለ እቃው የሚወራው ታሪክ ደስ ይላል ግን እኔ የማወዳድራቸው በሌላ ነው፣ ጅማ ዝናብ ላይ ምን ይሆናል፣ ላብ ሲነካውስ፣ ጆሮ ላይ ውሎ ያድራል ወይ በሚለው።

ከቀንድ ልጀምር፣ አዳላሽ ካላችሁኝም በሉኝ፣ ለእኔ አንደኛ እሱ ነው። ጥሬ እቃው ስጋ ቤት ጓሮ የሚጣል ነገር ነው ግን ስራው ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ቀንዱ ይቀቀልና ውስጡ ያለው አጥንት ይወጣል፣ በመጋዝ ይቆረጣል፣ በሙቀት ለስለስ ሲል ይዘረጋል፣ ከዛ ብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው እየተቀያየረ እስኪያብለጨልጭ ይፈገፈጋል። "ለቀንድ ይሄን ሁሉ ብር?" የሚል ሰው ካለ ፈረንሳዊው ጌጥ ሰሪ ሬኔ ላሊክ በ1900 እ.ኤ.አ. አካባቢ ፓሪስ ላይ ለሀብታም ሴቶች የቀንድ ማበጠሪያ ይሰራ ነበር፣ ስራዎቹ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ቅርባችን ናይሮቢ ያለችው አዴሌ ዴጃክም ቀንድና ነሐስ ከምትጠቀም ዲዛይነሮች አንዷ ናት።

እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ አምባሩን አንስታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ሳሳ ያለው ጠርዙ ጋ ማር መልክ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል፣ ውስጡ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ፣ ጥለቱ ሁለት ቦታ አንድ አይነት ሆኖ አታገኙትም። ፕላስቲክ ከሆነ ግን ጥለቱ ይደጋገማል፣ ጎኑን በጥፍር ስትዳስሱት ደሞ ከቅርፅ ማውጫው የቀረ መጋጠሚያ መስመር ጥፍር ይይዛል። ሻጩ ከፈቀደ በውስጥ በኩል ትንሽ በሞረድ ይፋቅ፣ ቀንድ ከጥፍርና ከፀጉር ጋር አንድ አይነት ነገር ስለሆነ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ይሸታል። ድክመቱ ውሃ ነው። ካፊያ ቢመታው ምንም አይለውም ቶሎ መጥረግ ነው፣ ግን ልብስ ካጠባችሁበት፣ ሻወር ከገባችሁበት፣ እየነጣ ይሄድና ይጣመማል፣ ብሎም እንደ ሽንኩርት በንብርብር ይላጣል። አልፎ አልፎ በጨርቅ ጠብታ ዘይት ቀባ ማድረግ ነው፣ መኪና ውስጥ ፀሀይ ላይ አትተዉት።

ቀለህ ሌላ ዓለም ነው። አዲስ አበባ እንጦጦ አካባቢ ሴቶች ከድሮ ጦርነት የተረፈ ቀለህ አቅልጠው ዶቃ እያደረጉ ከሚሰሩት ጀምሮ በዚህ የታወቁ አሉ፣ የሚያምር ስራ ነው፣ ደብዘዝ ያለ ወርቅማ ቀለም አለው። የቀለህ ነሐስ በአብዛኛው 70 በመቶ መዳብ 30 በመቶ ዚንክ ነው፣ መዳቡ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ላይ አረንጓዴ ያደርጋል፣ ይሄ የሐሰት እቃ ምልክት አይደለም፣ አትጣሉ። ቀለበት ከሆነ በውስጥ በኩል ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ብትቀቡት ለተወሰነ ጊዜ ይከላከላል፣ ሲጠቁር ደሞ ሎሚና ጨው፣ ከዛ በደንብ ማለቅለቅና ማድረቅ። ከቀንድ ጋር ሲወዳደር ጥቅሙ አይሰበርም፣ አይጣመምም፣ ዝናብ አይፈራም። ጉዳቱ ክብደት ነው፣ መጠናቸው እኩል የሆነ የነሐስና የቀንድ ጉትቻ ብትይዙ ነሐሱ ከስድስት እጥፍ በላይ ይከብዳል፣ ስለዚ ትልቅ ጉትቻ የምትወድ ሴት የነሐስ አትግዙላት፣ ጆሮዋን ነው የሚጎትተው፣ ለሷ ቀንድ። ነሐስ ለሀብልና ለአምባር ይሁን።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ቀልጦ ዶቃ የሆነውና ቀለሁ እንዳለ ተቆርጦ የተንጠለጠለው አንድ አይደሉም። እንዳለ የተንጠለጠለውን እኔ አልመክርም፣ ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ ፍተሻ አለ፣ ኤርፖርት ደሞ አለ፣ አንገት ላይ ጥይት የሚመስል ነገር አድርጎ ለማስረዳት መከራከር ምን አስፈለገ። በዛ ላይ ካልፀዳ ቂጡ ላይ ያለው መለኮሻ የእርሳስ ቅሪት ሊኖረው ይችላል፣ ህፃን ያለበት ቤት አይሆንም። የኔ እናት ደሞ ቀልጦም ቢሆን ቤት አታስገባውም፣ "የስንቱን ደም እንዳየ ማን ያውቃል" ትላለች፣ ስለዚ ለትልቅ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ።

ቡና። ጅማ መጥቶ የቡና ጌጥ ሳይገዛ መሄድ የማይሆንለት ሰው ብዙ ነው፣ ገባኝ፣ ግን ለየቀኑ የሚደረግ ጌጥ ብላችሁ አትግዙት፣ ማስታወሻ ነው። ሁለት አይነት አለ፣ ተበስቶ በክር የተሰካና ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ የሚጠነክር ብርጭቆ መሰል ፕላስቲክ) ውስጥ የተቀበረ። በክር የተሰካው ርካሽ ነው፣ መጀመሪያ ሽታው ልብ ይሰርቃል ከዛ ይጠፋል፣ ጅማ ክረምት ላይ ደሞ እርጥበት ይስባል፣ ጥሬ ቡና ከሆነማ ሊሻግት ይችላል፣ የተቆላውን ምረጡ። የተቆላ ዘይቱ ነጭ ሸሚዝ ላይ እድፍ ሊያወጣ ይችላል፣ በጥቁር ልብስ አድርጉት። የሬዚኑ የተሻለ ነው ግን ውስጡን እዩ፣ ፍሬው ዙሪያ አረፋ ወይ ጉም የመሰለ ነገር ካለ ፍሬው በደንብ ሳይደርቅ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። ጥፍራችሁን ጫን ስታደርጉበት ምልክት ካስቀረ ወይ እጅ ላይ ከተጣበቀ ገና አልጠነከረም ማለት ነው፣ ያልጠነከረ ሬዚን ቆዳ ያሳክካል፣ እሱን ተዉት። ጥሩ የተባለውም ፀሀይ ሲበዛበት እየቆየ ቢጫ ይሆናል። ውጪ ላለ ዘመድ የሚላክ ከሆነ ግን ከአራቱ ይሄ ነው፣ አይከብድም፣ ከየት እንደመጣም ሳትነግሩት ያውቀዋል።

ከመነዳሪ ላይ ብዙ አልልም፣ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ውሃ ምንም አያደርገውም፣ ለወንድ ልጅ አምባር ከፈለጋችሁ በቃ እሱ ነው። ጎማ መልበስ ለኛ አዲስ አይደለም፣ በረባሶ ስንት ዘመኑ ነው፣ የጎማ ሶሉን ሶልሬብልስ የሚባለው የአዲስ አበባ ጫማ አምራች ውጪ ገበያ አውጥቶታል። "ላስቲክ ደሞ ጌጥ ነው?" ለሚል፣ ኦቶ ኩንዝሊ የሚባል የስዊዝ ጌጥ ሰሪ በ1980 እ.ኤ.አ. ጥቁር የላስቲክ አምባር ውስጥ የወርቅ ኳስ ደብቆ "ወርቅ ያሳውራል" የሚል ስም አወጣለት፣ ኳሱን ለማየት ላስቲኩን መቁረጥ አለባችሁ። ሲገዙ ማሽተት ነው፣ የጎማ ሽታው ካልለቀቀው በደንብ አልታጠበም፣ ጠርዙ ደሞ በምላጭ አንድ ጊዜ የተቆረጠ እንጂ በመቀስ የተነካከሰ አይሁን። ቅባት፣ ሎሽንና ፀሀይ ግን ያደርቁታል።

የቆርኪ ጌጥም አይቻለሁ። ሀሳቡ ከኦሞ ነው ማለት ይቻላል፣ ዳሰነቾች ቆርኪ ደርድረው የራስ ጌጥ ይሰራሉ በጣም ያምርባቸዋል፣ ግን እዛ ደረቅ ነው። ጅማ ላይ ቆርኪ ይዝጋል፣ ጠርዙም ይቆርጣል፣ ለግድግዳ ካልሆነ አልገዛም። ቀይና ጥቁር ዘር የተሰካበት ሀብል ካያችሁ ደሞ ህፃን ላለበት ቤት በጭራሽ፣ አንዳንዱ አብሪን የሚባል ከባድ መርዝ አለበት፣ እንግሊዝ ውስጥ ኤደን ፕሮጀክት የሚባለው የእፅዋት መጎብኛ በ2011 እ.ኤ.አ. የሸጠውን አምባር መልሱልኝ ብሎ የሰበሰበው በዚሁ ዘር ምክንያት ነው።

የቱንም ብትመርጡ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን እዩ። ጉትቻ ላይ የሚያሳክከው ብዙ ጊዜ ቀንዱ ወይ ነሐሱ ሳይሆን መንጠቆው ነው፣ ኒኬል ያለበት ርካሽ ሽቦ ያደርጉበታል፣ የብር ወይ የስቴንለስ ስቲል ይቀየርልኝ በሉ፣ ራሱ የሰራው ልጅ ከሆነ የሚሸጠው እዛው በፒንሳ ይቀይርላችኋል፣ ነጋዴ ከሆነ "እንደዛው ነው የመጣው" ይላችኋል። ዶቃ ከሆነ የቀዳዳውን አፍ በጣት ዳስሱ፣ ስል ከሆነ ክሩን ይበላዋል፣ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ይበተናል። በቴሌግራም የምታዙ ደሞ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት የመንጠቆውንና የጀርባውን ቪዲዮ አስልኩ፣ "እልካለሁ" ብሎ ፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ብቻ የሚደጋግም ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት።